ዋይፋይ የጋራ አየር ነው

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው ስለ ጋራ ነገር ማስረዳት አያስፈልግም። ደረጃው የጋራ ነው። የውኃ ታንከሩ የጋራ ነው። ግቢው፣ የልብስ ማስጫው፣ ለቅሶና ድግስ የምናስተናግድበት ቤት፣ ሁሉም የጋራ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ኮሚቴ አለን፣ መዋጮ አለን፣ ጭቅጭቅም አለን። አንድ የጋራ ነገር ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስብሰባ ላይ ተነስቶ አያውቅም ነበር፤ ዋይፋያችን የሚመላለስበት አየር።

ሥራዬ ከኔትወርክ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጎረቤት ይጠራኛል። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው። «ኮኔክሽኑ ምን ሆኖ ነው?» የሚወቀሰው አቅራቢው ነው፤ አንዳንዴም ወቀሳው እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ከቤቱ በር አልወጣም። ፋይበሩ ሳሎን ድረስ በሰላም ገብቶ፣ ከራውተሩ እስከ አልጋው ባለችው ጥቂት ሜትር ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ይህን በደንብ ማስረዳት የምፈልገው ሰው በከንቱ ገንዘቡን ሲያወጣ ስለማይ ነው። ፍጥነት እንዲጨምርለት ብሎ ትልቅ ፓኬጅ ይገዛል፤ የተጨመረው ፍጥነት ግን መኝታ ቤቱ አይደርስም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ዋይፋይ ስልካችሁ፣ ላፕቶፓችሁና ቴሌቪዥናችሁ ከራውተሩ ጋር በሬዲዮ ሞገድ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው፤ እዚያው ቤት ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ኢንተርኔቱ የሚመጣው ከራውተሩ ጀርባ በሌላ መስመር ነው፤ በፋይበር፣ በስልክ ሽቦ ወይም በሲም ካርድ። ኢንተርኔቱ ጨርሶ ቢቋረጥ እንኳ ዋይፋዩ ሥራውን አያቆምም። ከላፕቶፕ ወደ ፕሪንተር ማተም፣ ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል ማሻገር ይቻላል። ስልካችሁ አናት ላይ የምታዩት የዋይፋይ ምልክትም የሚናገረው ራውተሩ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ብቻ ነው። ምልክቱ ሞልቶ ምንም ገጽ የማይከፈተው ለዚህ ነው።

ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ራውተሩ አጠገብ ቁሙና ፍጥነቱን ለኩ። ከዚያ አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ ድገሙት። አጠገቡ ጥሩ ሆኖ አልጋው ላይ ከወደቀ ጉዳዩ የዋይፋይ ነው። አጠገቡም ደካማ ከሆነ ላፕቶፑን በኬብል አገናኙት። በኬብልም ያው ከሆነ ያኔ ወደ አቅራቢው ደውሉ፤ ስትደውሉም «በኬብል ሞክሬዋለሁ» በሉ፤ ወሬው ያጥራል።

ከፊት ለፊታችን ያሉ እናት ልጃቸው ዱባይ ናት። ማታ ማታ በቪዲዮ ትደውላለች፤ በየደቂቃው ፊቷ ይቆማል፣ ድምጿ ይቆራረጣል። «ልጄ፣ በየወሩ እከፍላለሁ እኮ፤ ለምንድነው እንዲህ የሚያደርገኝ?» አሉኝ። ራውተራቸው ቡፌው ውስጥ ነበር፤ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከዲሹ ሪሲቨር ሥር ተሸጉጦ፣ በላዩ ላይ ዳንቴል ለብሶ። ዳንቴሉ ምንም አይጎዳም። ቴሌቪዥኑ ግን ከጀርባው ብረት አለው፤ ሪሲቨሩም ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ የሬዲዮ ሞገድን አያሳልፍም፣ ይመልሰዋል። እሳቸው የሚያወሩት መኝታ ቤት ሆነው ነው፤ በመካከል ሁለት ግድግዳና አንድ የኮንክሪት ኮለን አለ። ረዘም ያለ ኬብል ገዝተን ራውተሩን ኮሪደሩ ላይ ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ፓኬጁ ያው ነው፤ ጥሪው ግን ተስተካከለ።

ስለ ግድግዳ ትንሽ ልቆይ፤ የአዲስ አበባን ቤት የሚመለከተው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የቤት ዋይፋይ በብዛት የሚሠራው በሁለት የሞገድ ክልል ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ እና በ5 ጊጋኸርዝ። የ2.4ቱ ሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የ5ቱ ወደ 6 ሴንቲሜትር ይጠጋል። 2.4 ግድግዳ በማለፍ ይሻላል። ጣውላና ጂፕሰም ብዙም አያስቸግሩትም። ብሎኬት ይቀንሰዋል። ፌሮ የተቀበረበት ሶሌታና ኮለን ክፉኛ ይቀንሰዋል። ውኃም ይውጠዋል፤ ስለዚህ በክረምት የረጠበ የጭቃ ግድግዳ ከደረቀው ይበልጥ ያግደዋል። ቆርቆሮ ጨርሶ ይመልሰዋል። ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራ ሰርቪስ ቤት የተከራየ ልጅ ከዋናው ቤት ዋይፋይ የሚደርሰው በመስኮትና በክፍተት በኩል ያመለጠው ብቻ ነው፤ ኬብል ዘርግቶ ሌላ ራውተር ማስገባት እንጂ ሌላ መላ የለውም።

የሲግናል ጥንካሬ የሚለካበት ቁጥር አለ፤ ዲቢኤም ይባላል። የስልክ አፕሊኬሽኖች ያሳያሉ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው። -50 በጣም ጥሩ ነው። -67 አካባቢ ቪዲዮ ያስኬዳል። -80 ላይ መቆራረጥ ይመጣል። ከ-50 ወደ -80 መውረድ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የሚደርሳችሁ ኃይል 1000 ጊዜ ቀንሷል ማለት ነው። ደግሞ ንግግሩ የሁለት ወገን መሆኑን አትርሱ። ራውተሩ ጉልበቱ ከስልኩ ይበልጣል። ስለዚህ ስልኩ ራውተሩን ጥርት አድርጎ እየሰማ፣ ራውተሩ ግን ስልኩን ላይሰማው ይችላል። «ጉልበተኛ ራውተር» ብለው በውድ ሲሸጡላችሁ ይህን አስቡ። ስልካችሁ ጉልበት አይጨምርለትም።

ሌላም አለ። ሞገዱ ከብረትና ከኮንክሪት እየነጠረ በተለያየ መንገድ ይደርሳል፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ። አንዳንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንድ ቦታ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ስልኩን ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስታንቀሳቅሱት ሲግናሉ የሚለዋወጠው በዚህ ነው። ይህ ነገር መሐንዲሶችን ለረጅም ጊዜ አስቸግሯል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአውስትራሊያው ሲሳይሮ የተባለ የምርምር ተቋም ውስጥ በጆን ኦሱሊቫን የሚመራ ቡድን ለዚህ መፍትሔ አቀረበ፤ ሰውዬው የመጣው ከሬዲዮ አስትሮኖሚ ነው፤ ከጠፈር የሚመጣ ደካማ ምልክት ከተዛባበት ሁኔታ ማጥራት የለመደ ሰው ማለት ነው። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዋይፋይ ደረጃ፣ ማለትም መሣሪያዎች ሁሉ የሚግባቡበት የጋራ ደንብ፣ በብዙ አንቴና ጭራሽ ይህንኑ መንጠር ለጥቅም አዋለው፤ የተለያየ ዳታ በተለያየ መንገድ በአንድ ጊዜ መላክ ተቻለ። ራውተሮች ላይ ብዙ አንቴና ማየት የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ ጋራነቱ።

የሞገድ ክልሉ ቻናል በሚባሉ መስመሮች የተከፋፈለ ነው። በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ራውተሩ ሲናገር ስልኮቹ ዝም ይላሉ፤ አንዱ ስልክ ሲናገር ራውተሩም ሌሎቹም ዝም ይላሉ። ሰብሳቢ የሌለው የእድር ስብሰባ አስቡ። ሁሉም ጨዋ ነው፤ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። ሰው እየተናገረ ከሆነ ይታገሳል። ጸጥ ሲልም ወዲያው አይጀምርም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ዕጣ የወጣለትን ያህል ቅጽበት ይጠብቃል፣ ሁለት ሰው እኩል አፉን እንዳይከፍት። ከተናገረ በኋላ ደግሞ «ሰምቻለሁ» የሚል መልስ ይጠብቃል። መልሱ ካልመጣ ይደግመዋል፤ በዚህ ጊዜ የሚጠብቅበትን ጊዜ አስረዝሞ። ይህ ሁሉ በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ ይፈጸማል። ራውተር ካርቶን ላይ የተጻፈው ፍጥነትና እጃችሁ የሚገባው ፍጥነት የማይገናኙት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። 54 ሜጋቢት በሴኮንድ የተባለው የድሮ ዋይፋይ በተግባር የሚሰጠው ከግማሹም ያነሰ ነበር። ቀሪው ጊዜ በመጠበቅ፣ በማዳመጥና በመልስ ያልቃል።

ይህ የመደማመጥ ሥርዓት ታሪክ አለው፤ በጣም የምወደው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ አሎሃኔት የተባለ ኔትወርክ ሥራ አስጀመሩ። ኮምፒውተሩ ያለው በአንድ ደሴት፣ ሌሎቹ ካምፓሶች በሌሎች ደሴቶች፤ በመካከል ባሕር። ስለዚህ በሬዲዮ አገናኟቸው፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 9600 ቢት። የእነሱ ደንብ ማዳመጥ አልነበረውም። መናገር የፈለገ ይናገራል፤ ከተጋጨ የዘፈቀደ ጊዜ ጠብቆ ይደግማል። ሂሳቡ ሲሠራ ሁሉም በዚህ መልክ ቢናገር አየሩ ለጥቅም የሚውለው ቢበዛ 18 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የተቀረው በግጭትና በባዶ ያልፋል። ከዚያ በኋላ የመጡት «መጀመሪያ አዳምጥ» የሚለውን ጨመሩ። ቀላል ጨዋነት ነው፤ ግን ስልካችን ውስጥ ያለው ቺፕ ዛሬም የሚተዳደረው በዚሁ ነው።

ከዚህ ደንብ ሁለት ነገር ይከተላል፤ ሁለቱም ቤታችሁ ውስጥ አሉ።

አንደኛው፣ ቀርፋፋው ሁሉንም ያዘገያል። ራቅ ብሎ ያለ ወይም ያረጀ ስልክ ራውተሩን ለመስማት እንዲችል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያንኑ ፎቶ ለመላክ ከቅርቡ ስልክ ብዙ እጥፍ ጊዜ አየሩን ይይዛል፤ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል። ስለዚህ የቤቱን ዋይፋይ ለማፍጠን አንዳንዴ የሚያስፈልገው ጥግ ላይ ያለውን ቴሌቪዥን በኬብል ማገናኘት ብቻ ነው። የማይንቀሳቀስ ዕቃ ሁሉ በኬብል ቢሆን እመኛለሁ። አየሩን ለሚንቀሳቀሰው እንተውለት።

ሁለተኛው ጎረቤት ነው። ደንቡ የእናንተን ቤት ከጎረቤት ቤት አይለይም። የጎረቤታችሁ ራውተር በእናንተው ቻናል ላይ ከሆነና የአንዳችሁ ሲግናል ለሌላው ከተሰማ፣ የእሱ ልጅ ዩቲዩብ ሲያይ የእናንተ ላፕቶፕ ተራ ይጠብቃል። ፓስወርዱ ቢለያይም፣ አቅራቢው ቢለያይም፣ አየሩ አንድ ነው። ማንም ባይጠቀምበት እንኳ እያንዳንዱ ራውተር «እዚህ ነኝ» የሚል መልእክት በሴኮንድ 10 ጊዜ ገደማ ይለቃል፣ ያውም በዝግተኛው ፍጥነት። ብሎካችን ውስጥ ማታ ስልኬን ስከፍት የሚደረደረው የዋይፋይ ስም ረጅም ነው፤ ያ ሁሉ ያለማቋረጥ ራሱን እያስተዋወቀ ነው።

በ2.4 ላይ አብዛኛው ዓለም 13 ቻናል ይጠቀማል። ሲታይ ብዙ ነው። ግን ቻናሎቹ የተራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን አንዱ ዋይፋይ የሚይዘው ወርድ 20 ሜጋኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ይደራረባሉ። ሳይነካኩ አብረው የሚኖሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። አንዳንድ ሰው አፕሊኬሽን ከፍቶ «3 ባዶ ነው» ብሎ እዚያ ይሄዳል። ለራሱም ለጎረቤቱም መጥፎ አደረገ። 1 ላይ ያሉት ሁለት ራውተሮች እርስ በርስ ይሰማማሉ፣ ተራ ይጠባበቃሉ። 3 ላይ ያለው ግን ለ1ም ለ6ም ትርጉም የሌለው ጫጫታ ነው፤ እነሱም ለእሱ እንዲሁ። ተራ የሚያሲዝ መግባባት ይጠፋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በ2.4 ላይ ወርዱን 40 ሜጋኸርዝ ማድረግ ነው። አንድ ቤት የሰፈሩን አየር አብዛኛውን ይወስዳል፤ ያም ሆኖ በተጨናነቀ ብሎክ ውስጥ ለራሱም አይፈጥንለትም።

5 ጊጋኸርዝ ላይ ቦታው ሰፊ ነው፤ የማይደራረቡት ቻናሎች ብዙ ናቸው። ሰው 5ን የሚጠላው ግድግዳ አያልፍም ብሎ ነው። እውነት ነው፣ ብዙ አያልፍም። ለኮንዶሚኒየም ግን ይህ ጥቅም ነው እላለሁ። የእኔ ግድግዳ የእኔን ሲያግድ የጎረቤትንም ያግድልኛል። ሳሎን ውስጥ 5 ተጠቀሙ፤ 2.4ን ለራቀው ክፍልና ለአሮጌው ስልክ ተዉት።

ይህ የጋራ አየር ከየት መጣ? ማንም በነፃ የሚጠቀምበት የሬዲዮ ክልል መኖሩ ራሱ የሚገርም ነገር ነው፤ ሬዲዮ ጣቢያም ሞባይል ኩባንያም ለሞገዱ ፈቃድ ያወጣል። 2.4 የተሰጠው መጀመሪያ ለመገናኛ አልነበረም፤ ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች ነበር። ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራው እዚያው ነው፣ በ2.45 ጊጋኸርዝ፤ ለዚህም ነው ምግብ ስታሞቁ ማድቤት አካባቢ ዋይፋዩ የሚንገጫገጨው። ለመገናኛ የማይሆን ቆሻሻ ክልል ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን፣ ማይክል ማርከስ የተባለ መሐንዲሱ ከገፋበት በኋላ፣ በዚህ ክልል ማንም ያለፈቃድ እንዲገናኝ ፈቀደ፤ ኃይሉን ዝቅ ካደረገና ጫጫታውን ከቻለ። ኤንሲአር የተባለው የካሽ ሬጅስተር አምራች ሱቅ ውስጥ ሽቦ ሳይዘረጋ ማሽኖቹን ሊያገናኝ ፈልጎ ነበርና ኔዘርላንድስ ያሉት መሐንዲሶቹ ሥራውን ያዙት። ከእነሱ አንዱ ቪክ ሄይስ ደረጃውን ያወጣውን ኮሚቴ ለ10 ዓመት መራ። የመጀመሪያው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ፤ ፍጥነቱ 2 ሜጋቢት። በ2.4 ላይ በ1999 11 ሆነ፣ በ2003 54፣ ከዚያም እየጨመረ ሄደ።

በማኅበራዊ ሚዲያ በየጊዜው የሚዞር ነገር አለ፤ ተዋናይቷ ሄዲ ላማር ዋይፋይን ፈጠረች የሚል። ሄዲ ላማር እ.ኤ.አ. በ1942 ከአንድ የሙዚቃ ሰው ጋር ሞገድ እየቀያየሩ የመላላክ ዘዴ ፓተንት አውጥታለች፤ ትልቅ ነገር ነው፣ ክብር ይገባታል። የ1997ቱም ደረጃ ሞገድ የመቀያየር ዘዴን እንደ አንድ አማራጭ ይዞ ነበር። ዛሬ የምንጠቀመው ዋይፋይ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። አንድ ሰው ብቻውን ፈጠረው ማለት የብዙዎቹን ድካም ይሸፍናል።

ስለ ጤና የሚጠይቁኝ አሉ፤ በተለይ ሕፃን ያላቸው። የቤት ራውተር የሚለቀው ኃይል የአንድ ዋት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃ ከ700 ዋት በላይ ይለቃል፣ ያውም ብረት ውስጥ ታሽጎ። ሞገዱም እንደ ራጅ ጨረር የሰውነትን ሞለኪውል የሚሰብር ዓይነት አይደለም። ይህን ነግሬ አልፋለሁ።

ፓስወርድ ላይ ግን አላልፍም። እንግዳ ሲመጣ ፓስወርድ መስጠት ባህላችን ሆኗል፤ ቡና እንደ ማቅረብ ነው፣ አልቃወምም። ግን በብዙዎቻችን ራውተር ላይ ያለው ደብልዩፒኤ2 የተባለ የዋይፋይ ምስጠራ አንድ ጠባይ አለው፤ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ስልካችሁ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ ያለውን መነሻ ንግግር ከያዘ፣ ቀጥሎ የምትላላኩትን የዋይፋይ ምስጠራ መፍታት ይችላል። የባንክና የቴሌግራም መልእክት የራሱ ምስጠራ ስላለው በዚህ አይገለጥም። ቢሆንም ራውተሮች ላይ የእንግዳ ኔትወርክ የሚባል አለ፤ እሱን ክፈቱና የዚያን ፓስወርድ ስጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው ደብልዩፒኤ3 ይህን ክፍተት ዘግቷል፤ ራውተራችሁና ስልካችሁ ካላቸው ተጠቀሙበት። ራውተሩ ላይ ያለ ቁልፍ በመጫን ወይም በ8 አሃዝ ፒን የሚያገናኘውን ደብልዩፒኤስ ደግሞ አጥፉት። ፒኑ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ስለሚፈተሽ 11,000 ሙከራ ቢበዛ ይበቃዋል፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ድሮ በነበረው ደብልዩኢፒ በተባለ ምስጠራ ላይ ያለ ራውተር ካጋጠማችሁ ደግሞ እንደ ክፍት ቁጠሩት።

ሪፒተር ስለሚባለው ዕቃ አንድ ነገር ብቻ። ርካሾቹ በአንድ ሬዲዮ ነው የሚሠሩት፤ የሰሙትን በዚያው ቻናል ይደግሙታል። እያንዳንዱ ነገር አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛል፣ ፍጥነቱ ይገመሳል፣ የጎረቤትም ተራ ይበላል። ኬብል መሳብ የሚቻል ከሆነ ኬብል ሳቡ።

የብሎካችን ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አንስቼው ነበር። የዕለቱ አጀንዳ ውኃ ስለነበር ብዙ አልሄደም፤ ከስብሰባው በኋላ ግን የእኛ ፎቅ ሰዎች ደረጃው ላይ ቆመን ተስማማን። የእኛ ቤት 1፣ ከፊት ለፊታችን ያሉት እናት 6፣ ጥግ ላይ ያሉት ባልና ሚስት 11። ወርዱ 20። ቪዲዮ የሚያይ ሁሉ በ5። ቤት ለቤት እየገባሁ አስተካከልኩላቸው፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የማታው መቆራረጥ ቀንሷል፤ ከላይ ያለው ፎቅም እንድመጣለት ጠይቋል። የቀረው ምድር ላይ ያለው ሱቅ ነው። ራውተሩ በ40 ወርድ መሐል ላይ ተቀምጧል፣ ሪፒተርም አለው። ባለቤቱን ገና አላገኘኋቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ራሳቸው ሱቅ ስለሚውሉ ያኔ ወርጄ አነጋግራቸዋለሁ።